«ዳምጠው»፦ ስለ አንድ መሣሪያ ስም፣ ስለ ትርጉሙና ስለ አጠቃቀሙ

ቋንቋ የሕብረተሰብ የሥራ ውጤት ነው። ሕዝብ አዲስ ነገር ሲገጥመው ስም የሚያወጣለት መጽሐፍ ገልጦ ሳይሆን ከእጁ ሥራ፣ ከቤቱ ዕቃና ከኑሮ ልምዱ ተነሥቶ ነው። ስለዚህም የአንድን መሣሪያ ስም መመርመር መሣሪያውን የተቀበለውን ሕዝብ ኑሮ መመርመር ይሆናል። ስሙ በአፍ ልማድ ከመሣሪያው አልፎ ወደ ስድብ፣ ወደ ቀልድ፣ ወደ መድረክ ንግግርና ወደ ሥነ ጽሑፍ ሲዘልቅ ደግሞ ምርመራው የሐያስያን ተግባር ይሆናል። ከዚህ ዓይነቶቹ ቃላት አንዱ፣ አፈርና ጠጠር የሚጠቀጥቀው የመንገድ ሥራ መኪና የሚጠራበት «ዳምጠው» ነው።

ቃሉን በሐረር ላይ ቆሞ መመርመር ልዩ ጥቅም አለው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ ሐረር የሚገባው ጎዳና የዳምጠው ሥራ ነው። ጎዳናው ከሚደርስበት ከጀጎል ግንብ ወዲያ ያሉት መተላለፊያዎች ግን ለእግረኛና ለአህያ እንጂ ለተሽከርካሪ የተቀየሱ አይደሉም። ስለዚህ በሐረር የዳምጠው ኃይልም ወሰንም ጎን ለጎን ይታያሉ። የቃሉ ትርጉምም እንደዚሁ ኃይልና ወሰን አለው። ብዙ ጸሐፍትና ተናጋሪዎች ኃይሉን ብቻ ወስደው ወሰኑን መርሳታቸው ነው ሂስ የሚያስፈልገው።

፩. ከመዳመጫው ድንጋይ የተገኘ ስም

«ዳመጠ» የሚለው ግሥ ከመንገድ ሥራ በፊት የጥጥ ሥራ ግሥ ነበር። ጥጥ ከእርሻ ሲመጣ ፍሬው ከነጩ ጋር ተጣብቆ ነው። ሴትየዋ ልሙጥ ድንጋይ ከፊቷ ታኖራለች፤ ጥጡን በላዩ ትዘረጋለች፤ መዳመጫ የሚባለውን ድቡልቡል ብረት በመዳፏ እየገፋች ታንከባልልበታለች። ብረቱ ሲያልፍ ፍሬው እየፈነጠረ ይወጣል፤ ነጩ ጥጥ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ድርና ማግ ሆኖ ከሸማኔው ጉድጓድ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከመዳመጥ ነው። ያልተዳመጠ ጥጥ አይነደፍም፤ ያልተነደፈ አይፈተልም።

ሐረርም ለዚህ ሥራ ባዕድ አገር አይደለችም። በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ የገባው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን የሐረርን የጥጥ ልብስ ውበትና ጥንካሬ አድንቆ ጽፏል። የከተማይቱ ገበያ ከቡናና ከጫት ጋር በሸማ የሚታወቅበት ዘመን ረጅም ነበር።

እንግዲህ ሕዝቡ ግዙፉን የብረት ሲሊንደር በጠጠር ላይ ሲንከባለል ባየ ጊዜ የተገለጸለት ይኸው የመዳመጫው ብረት ነው። የድንጋዩ ቦታ በመሬት፣ የመዳመጫው ቦታ በሲሊንደሩ፣ የጥጡ ቦታ በአፈሩ ተተካ። ንጽጽሩ ቅርፅን ብቻ አይመለከትም፤ አሠራሩንም ይመለከታል። መዳመጫው ከጥጡ መሐል ፍሬውን ያስወጣል፤ ዳምጠው ከአፈሩ መሐል አየሩን ያስወጣል። ሁለቱም አንድ ጊዜ ሄደው አይበቃቸውም፤ ይመላለሳሉ። ሁለቱም ከሥራቸው በኋላ ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ ነገር ይተዋሉ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። አማርኛ በክብደት መጫንን የሚገልጹ ግሦች አላነሱትም፤ ጨፈለቀ፣ ረገጠ፣ ደፈጠጠ፣ ደመሰሰ፣ አደቀቀ እያለ መቁጠር ይቻላል። ሕዝቡ መሣሪያውን «ጨፍልቀው» ወይም «ደፍጥጠው» ሊለው ይችል ነበር፤ አላለውም። መሐንዲሱ ሥራውን የሚጠራበት «ጠቀጠቀ»ም ትክክለኛ ቃል ነው፤ ነገር ግን የመሣሪያው ስም ከዚያም አልወጣም። ከብዙዎቹ መካከል የተመረጠው ጫናው ዓላማ ያለው፣ ፍሬን ከጥጥ የሚለይ፣ ተጫኙን ለጥቅም የሚያበቃ ግሥ ነው። በመዳመጫው ሥር ያለፈው ፍሬ ራሱ ካልተሰበረ ለዘር ይሆናል። የሴቶች የእጅ ሥራ ለወንዶች ከባድ መኪና ስም መስጠቱም የሕዝብ ፈጠራ የሥራ ክፍፍልን አጥር እንደማያውቅ ያሳያል።

፪. «ባቡር»፣ «መኪና»፣ «ዳምጠው»

ስሙ ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ አልገባም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መዳመጫ ወደ አገር አስገባ። ያን ጊዜ የምድር ባቡር ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መሣሪያው በሕዝብ ዘንድ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። ከሐዲድ ላይ ባይሄድም «ባቡር» መባሉ የሚያስገርም አይደለም። ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣው በእንፋሎት ትርጉሙ ነውና፣ ጭስና ጩኸት ያለው ሞተር ሁሉ ባቡር ይባል ነበር። የእህል ወፍጮው ቤት እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ «ባቡር ቤት» መባሉ የዚያ ዘመን ትሩፋት ነው።

እዚህ ላይ የስም አወጣጡን ደረጃ መለየት ይጠቅማል። «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው ስም የሚናገረው ስለ ባለቤቱና ስለ ኃይሉ ምንጭ ነው፤ ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር የለም። መሣሪያው የአንድ ሰው ንብረት፣ የቤተ መንግሥትም ትንግርት በነበረ ጊዜ ይህ የሚጠበቅ ነው። ተመልካቹ ማን እንዳመጣው ያውቃል፤ ለምን እንደሚውል ግን በኑሮው አልደረሰበትም። መንገድ የዘወትር ሥራ ሲሆን፣ ሠራተኛው አካፋና ዶማ ይዞ ከመኪናው ጎን ሲውል፣ ስሙም ከባለቤቱ ወደ ሥራው ተሸጋገረ። ከ«የሰርኪስ ባቡር» ወደ «ዳምጠው» የተደረገው ሽግግር ከተመልካችነት ወደ ሠራተኛነት የተደረገ ሽግግር ነው።

በመካከሉ የጣሊያን ወረራ አለ። ሐረር በ1928 ዓ.ም. በወራሪው እጅ ከወደቀች በኋላ በአካባቢው የተሠራው መንገድ በመጀመሪያ የጦር መንገድ ነበር። ያ ዘመን በአማርኛ ውስጥ «ፒስታ»ን፣ «ጎማ»ንና «ፍሬን»ን የመሳሰሉ ቃላት አስቀርቷል። የመንገድ መዳመጫው የጣሊያንኛ ስም ግን በሕዝቡ አፍ አልጸናም። የተሽከርካሪው አካላት የባዕድ ስማቸውን ይዘው ሲቀሩ፣ ሥራው በዓይን የሚታየውና ከቤት ዕቃ ጋር የሚነጻጸረው መሣሪያ የአገር ስም አገኘ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ በየአውራጃው የመንገድ ሠራተኛ ሠፈር ሲበዛ የቃሉ አገልግሎትም የዚያኑ ያህል ተስፋፋ። ቡልዶዘርና ግሬደር በባዕድ ስማቸው፣ «ገልባጭ» በአድራጊ ቅጽል፣ «ዳምጠው» ደግሞ በትእዛዝ መልክ አንድ የሥራ ቦታ ላይ ተገናኙ።

የስም አወጣጥ ጥበብ በየከተማው መልክ አለው። በሐረር ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። በረድፍ የተቀመጡት የስፌት መኪናዎች የሚያሰሙት ድምፅ ለመንገዱ ስም ሆነለት። አዲስ አበባ ደግሞ ተሳፋሪዎቿ ፊት ለፊት የሚቀመጡባትን ትንሽ ታክሲ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቦታው ከተተከለው የውይይት ክበብ ጋር አያይዛ «ውይይት» ብላለች። አንዱ ስም ከድምፅ፣ ሁለተኛው ከአቀማመጥ፣ «ዳምጠው» ደግሞ ከአሠራር ተወለደ። ሦስቱንም ያወጣቸው ኮሚቴ አይደለም።

፫. ትእዛዝ ወይስ የጋራ ሥራ?

መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩት የሚገባ አንድ የሰዋስው ነገር በዚህ ቃል ውስጥ አለ። «ዳምጠው» ሲባል በመጀመሪያ የሚሰማው ትእዛዝ ነው፤ «አንተ፣ እርሱን ዳምጥ» ማለት ነው። ነገር ግን ያው ፊደል፣ ያው ድምፅ ቦዝ አንቀጽ ሲሆን የብዙዎችን ድርጊት ይገልጻል። «ሠራተኞቹ መንገዱን ዳምጠው ለትራፊክ ከፈቱት» ሲባል ትእዛዝ የለም፤ በጋራ የተፈጸመ ሥራ አለ። በተጨማሪም ቃሉ ለአንድ የተከበረ ሰው ይሆናል፤ «እማማ ጥጡን ዳምጠው ተነሡ» ይባላል። ስለዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ትእዛዝም፣ ኅብረትም፣ አክብሮትም አብረው ይኖራሉ። የትኛው እንደሚነበብ የሚወስነው አገባቡ ነው።

የቃሉ ትእዛዝ መልክ ከመኪናው በፊት የሰው ስም ሆኖም ኖሯል። በ1887 ዓ.ም. ወደ ሩሲያ የተላከውን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን የመሩት ፊታውራሪ ዳምጠው ይባሉ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የካቲት ወር በፋሺስቶች የተገደሉት አርበኛ ራስ ደስታም የዳምጠው ልጅ ናቸው። ስሙ ከግዛው፣ ከደምሰው፣ ከናደውና ከጣሰው ጋር በአንድ ረድፍ የሚሰለፍ የጦረኛ ስም ነው። አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ስም ሲያወጣ ለወደፊቱ ጠላት ትእዛዝ እያስተላለፈ ነው፤ የማይታይ «እርሱ» አለ፣ ልጁም ያን «እርሱ» እንዲያሸንፍ ይመረቃል።

መኪናው «ዳምጠው» በተባለ ጊዜ ታዲያ ሁለት መስመሮች ተገናኙ። አንደኛው የጥጥ መዳመጫው የሰላም ሥራ መስመር ነው፤ ሁለተኛው የጦረኛው ስም መስመር ነው። የቃሉ ውበትም አደጋውም ከዚህ መገናኛ ላይ ይመነጫል። ወፍራም፣ እርምጃው የከበደ ሰው «ዳምጠው» ተብሎ ሲቀለድበት ሁለቱም መስመሮች በጨዋታ ይሰማሉ። ሹም ባለጉዳዩን ሳያነጋግር በላዩ ላይ ሲወስን «እንደ ዳምጠው ሄደበት» ሲባል ግን የመጀመሪያው መስመር ጠፍቶ ሁለተኛው ብቻ ይቀራል።

፬. ዘይቤው የሚባክንበት መንገድ

ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት በመድረክም በጽሑፍም የተስፋፋው የአነጋገር ስልት ኃይለኛ ግሥን ይወድ ነበር። መፈክሩ ይደመስሳል፣ ያወድማል፣ ይቀጠቅጣል። በ1974 ዓ.ም. በሰሜን ለተከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የተሰለፉት ዕዞች «ናደው»፣ «ውቃው»፣ «መክት»፣ «መንጥር» መባላቸው የዚሁ ስልት ከፍተኛ ደረጃ ነው። ከእነዚህ ሁለቱ የእርሻ ግሦች መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ውቃው ከአውድማ፣ መንጥር ከምንጠራ የመጡ ናቸው። እንደ «ዳምጠው» ሁሉ የሰላም ሥራ ቃላት ነበሩ፤ ወደ ጦር ሜዳ ሲሻገሩ ከምርቱ ይልቅ ምቱ ብቻ ተወሰደ። «ናደው» የተባለው ዕዝ ራሱ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ መፍረሱ ደግሞ ትእዛዝ ያዘለ ስም ለሚሰጠው አካል የድል ዋስትና እንደማይሆን ያስታውሳል።

በዚህ የአነጋገር ስልት ውስጥ «ዳምጠው» ጠላትን፣ ወይም ጠላት የተባለውን ሁሉ፣ የሚያልፍበት ማሽን ሆኖ ቀረበ። «እንደ ዳምጠው መዳመጥ» የሚለው አባባል በመድረክ የሚያስጨበጭብ ቢሆንም በሂስ ሚዛን ሲመዘን ሦስት ጉድለቶች ይታዩበታል።

አንደኛው የዕውቀት ጉድለት ነው። ተናጋሪው መኪናውን ከሩቅ አይቶታል፤ ሥራውን አላወቀም። የመንገድ ሠራተኛ እንደሚያውቀው ዳምጠው ያገኘውን ሁሉ በአንድ ጉዞ አያስተካክልም። አፈሩ በስስ በስሱ፣ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ውፍረት ይነጠፋል። ውሃ በልክ ይረጭበታል፤ ከደረቀ አይያያዝም፣ ከበዛበት ይላቁጣል። ከዚያ መኪናው ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል እየተጠጋ፣ የቀድሞውን ፈለግ በከፊል እየደረበ ይመላለሳል። አንዱ ንጣፍ ሳይጸና ሌላው አይደረብበትም። በችኮላ የተዳመጠ መንገድ ለምረቃው ቀን ያምራል፤ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል። ክብደት ብቻውን መንገድ አይሠራም፤ ክብደትን መንገድ የሚያደርገው ልክና ትዕግሥት ነው። ይህን የማያውቅ ዘይቤ ሠራተኛውን አመሰግናለሁ እያለ ሙያውን ይዘልፋል።

ሁለተኛው የአቅጣጫ ጉድለት ነው። የዚያን ዘመን ንግግር የታሪክን መንኮራኩር ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ማለትን ይወድ ነበር። የዳምጠው መንኮራኩር ግን ወደ ኋላ ካልተመለሰ ሥራው አይፈጸምም። ወደፊት ብቻ የሚሄድ ዳምጠው ግማሽ ሥራ የሠራ ዳምጠው ነው። ያለፈበትን ተመልሶ የሚፈትሽ፣ ለስላሳውን ቦታ አግኝቶ የሚደግም መሣሪያ ለአርቆ አሳቢ ደራሲ ምን ያህል ጥሩ ምሳሌ በሆነ ነበር! የራሱን ሥራ ተመልሶ የሚመረምር መሪን፣ የተማሪውን ድካም አይቶ ትምህርቱን የሚደግም መምህርን፣ ረቂቁን ደጋግሞ የሚያርም ጸሐፊን በዚህ ምስል መግለጽ ይቻል ነበር። ምስሉ ሳይነካ ቀርቷል።

ሦስተኛው የውጤት ጉድለት ነው። ማናቸውም የሥራ ዘይቤ «ከሥራው በኋላ ምን ይቀራል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል። ጥጥ ከተዳመጠ በኋላ ፈትል ይጠበቃል፤ አፈር ከተዳመጠ በኋላ መንገደኛ ይጠበቃል። «ጠላትን መዳመጥ» ከተባለ በኋላ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ባዶ ሜዳ ነው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ በተካሄደው ጦርነት የሐረር አካባቢ ሕዝብ የከባድ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ጉዞ በዓይኑ አይቷል። የታንክ ሰንሰለት መንገድ ያርሳል፤ ዳምጠው ይደለድላል። ሁለቱን በአንድ ዘይቤ መጥራት የክብደትን ዓላማ አለመለየት ነው።

ይህ ሲባል የቃሉ የምሬት አጠቃቀም ሁሉ ስሕተት ነው ለማለት አይደለም። ሕዝቡ ጨቋኝን ሹም «ዳምጠው» ብሎ ሲጠራ በቃሉ ውስጥ ጥልቅ ሽሙጥ አለ፤ «መሥራት ሲገባህ ትጫናለህ» ማለቱ ነው። ሽሙጡ የሚሠራው ግን የመጀመሪያው ትርጉም ከኋላው ሲቆም ነው። ስለ ጥጡና ስለ መንገዱ የማያውቅ አድማጭ ሽሙጡን አይሰማም፤ ጭካኔውን ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ደራሲው ቃሉን በምሬት ሊጠቀምበት ሲሻ ሥራውንም አብሮ ሊያስታውስ ይገባዋል።

፭. ዳምጠው በጀጎል ደጃፍ

የቃሉ ትርጉም ጉዳይ የቋንቋ ብቻ አለመሆኑ በሐረር ይገለጻል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአሚር ኑር ስም ጋር ተያይዞ የሚነገረው የጀጎል ግንብ ወደ 48 ሄክታር የሚሆን ከተማ አቅፎ ይገኛል። በውስጡ 82 መስጊዶች፣ ከመቶ የሚበልጡ የአውልያ መቃብሮች፣ ነጭና ባለ ቀለም ግድግዳ ያላቸው የአደሬ ቤቶች አሉ። ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች ሲኖሩት፣ «ሐረር በር» የሚባለው ስድስተኛው ለተሽከርካሪ ሲባል በኋለኛው ዘመን የተከፈተ ነው። ከዚያ በር እስከ ፈረስ መጋላ ሰፊ ጎዳና አለ። ከዚያ ወዲያ ከተማዋ ወደ ጠባብ መተላለፊያዎቿ ትመለሳለች፤ በአንዳንዶቹ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ትከሻውን ሳይመልስ አይተላለፉም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህችን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

የቤቶቹ ግንብ በድንጋይና በጭቃ የተያያዘ ነው። የዛሬው ዳምጠው ደግሞ የሰርኪስ ባቡር አይደለም። የቀድሞው በክብደቱ ብቻ ይጫን ነበር፤ ከዛሬዎቹ ብዙዎቹ ሲሊንደራቸው እየተንቀጠቀጠ ይሠራሉ። ንዝረቱ አፈሩን በፍጥነት ያጸናል፤ በአጠገቡ ያለውን፣ በሲሚንቶ ያልታሰረውን አሮጌ ግንብ ግን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ለአውራ ጎዳናው ጥቅም የሆነው ለመተላለፊያው ጉዳት ሊሆን ይችላል። በጠባቡ መተላለፊያ የሚስማማው በሰው እጅ የሚገፋው ትንሽ መጠቅጠቂያ፣ የጠራቢው መዶሻና ተደርድሮ የሚነጠፈው የድንጋይ ንጣፍ ነው። ይህ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ጥጡን አይቶ መዳመጫውን መምረጥ ነው። እናቶች ለስስ ጥጥ ከባድ ብረት አይመርጡም፤ ፍሬው ከተሰበረ ጥጡ ይቆሽሻልና።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች፣ ወደ ሐረርም ከዘለቀ ወዲህ ይህ ጥያቄ አዲስ ክብደት አግኝቷል። የመንገድ መስፋት፣ የእግረኛ መሄጃ መሠራትና የብርሃን መዘርጋት ሕዝብ የሚፈልጋቸው ነገሮች ናቸው። የጀጎል ነዋሪ ሕመምተኛውን በቃሬዛ እየተሸከመ ወደ ሰፊው ጎዳና ማውጣቱ ውበት አይደለም፤ ጠባብነትን ከሩቅ ሆኖ የሚያወድስ ጎብኚም የነዋሪውን ችግር አልተካፈለም። በሌላ በኩል «ልማት» ሲባል የዳምጠው ምስል ብቻ በኅሊናው የሚመጣለት ባለሙያ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚታየውን ሁሉ እንቅፋት አድርጎ ወደ ማየት ያዘነብላል። ዘይቤ ሥራን ይመራል። ልማትን መደልደል ብቻ አድርጎ የሚናገር አንደበት፣ ውሎ አድሮ መደልደልን ብቻ ልማት አድርጎ የሚሠራ እጅ ያፈራል። ስለዚህም ነው የአንድ ቃል ሂስ ከሥነ ጽሑፍ ገጽ አልፎ ከከተማ ግንብ የሚደርሰው።

የሐረር ከያንያን በዚህ በኩል የተዘጋጀ ምሳሌ በቤታቸው አላቸው። የአደሬ ቤት ውስጠኛው መደብ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ከፍታ የራሱ ተቀማጭና የራሱ ክብር አለው። መደቡን ሁሉ አንድ ከፍታ ለማድረግ የሚሻ ሰው ቤቱን ሰፊ ያደረገ ይመስለዋል፤ የቤቱን ሕግ ግን ያፈርሳል። ሠዓሊው ወይም ደራሲው ጎዳናውንና ይህን ቤት በአንድ ሥራ ውስጥ ሊያገናኝ ቢችል፣ የሚደለደለውና የማይደለደለው ምን እንደሆነ ከብዙ ንግግር ይልቅ ግልጽ ያደርገዋል።

፮. መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። መምህራን ቃሉን ሲያስተምሩ ከመኪናው ሥዕል ሳይሆን ከመዳመጫው ድንጋይ ቢጀምሩ፣ ተማሪው የአያቱን የእጅ ሥራና የመሐንዲሱን ሙያ በአንድ መስመር ያያል። ጥጥ መዳመጥን በእጃቸው ያወቁ እናቶች በሕይወት ሳሉ አሠራሩንና የዕቃዎቹን ስሞች መዝግቦ ማስቀመጥም ለባህል ሠራተኞች የማይናቅ ተግባር ነው፤ ዕቃው ከቤት ሲጠፋ የቃሉም ግማሽ አብሮ ይጠፋል። ደራስያንና የመድረክ ሰዎች ደግሞ «ዳምጠው»ን በዘይቤ ሲጠሩ ሥራውን ማወቅ፣ መመላለሱን ማሳየትና ከሥራው በኋላ የሚቀረውን መናገር ይጠበቅባቸዋል። ሕዝብን የማስተባበር ኃላፊነት ያለባቸውም በትእዛዝ መልክ የተነገረው ቃል በጋራ ሥራ መልክ ሊነበብ እንደሚችል ማስታወስ ይገባቸዋል። አንድ ሰው «ዳምጠው!» ብሎ ሊያዝ ይችላል፤ ብዙዎች «ዳምጠው» የሚጨርሱት ሥራ ግን ይበልጥ ይጸናል።

በመጨረሻም የአማርኛ ጆሮ የማያልፈው አንድ ቅርበት አለ። በ«ዳምጠው»ና በ«አዳምጠው» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ነው። ሁለቱ ግሦች በሥር ይዛመዱ እንደሆነ ማጣራት የሥነ ልሳን ሊቃውንት ድርሻ ነው፤ ለሐያሲው የድምፁ መቀራረብ ይበቃዋል። መኪናው ወደ ጀጎል በር ሲጠጋ ከሾፌሩም ከመሐንዲሱም ከሹሙም የሚጠበቀው ረጅሙን ቃል ከአጭሩ ማስቀደም ነው፤ ነዋሪውን አዳምጦ መንገዱን መዳመጥ። ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ መሣሪያው ሕዝቡ ባወጣለት ስም የሚገባውን ሥራ ይሠራል። ከተገለበጠ ግን ግንቡ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚደረግ ማዳመጥ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፍሬውም ተሰብሯል፣ ጥጡም ቆሽሿል።